በክረምት መግቢያ የመጪውን ሳምንት ዝናም ስለ መመርመር
ለሐዋሳና በዙሪያዋ ላሉ ወረዳዎች ሹማምንት

ክረምት በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ሰኔ 26 ቀን ይገባል፤ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። የአየርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉትን አራት ወራት ክረምት ይሏቸዋል። ሁለቱም አቈጣጠር ለጎጃምና ለሸዋ ገበሬ ይስማማው ይሆናል፤ ወደ ሐዋሳ የተሾመ ሰው ግን ይህንኑ ብቻ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ ይሳሳታል። በሐዋሳ ዝናም የሚጀምረው በመጋቢት ነውና። በሚያዝያና በግንቦት ይበረታል፤ በሰኔ ጥቂት ይላላል፤ ከሐምሌ ጀምሮ እንደ ገና ይጠናል፤ እስከ ጥቅምትም ይዘልቃል። በዓመት የሚወርደው ሁሉ ቢደመር 950 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሰሜን «ዝናም ገባ» በሚባልበት ሰሞን በሐዋሳ ሜዳ በቆሎው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ገበሬውም የሚያስበው ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ኵትኳቶና ስለ ማዳበሪያ ነው።

የዚህ ምክንያቱ የነፋሱ መለዋወጥ ነው። በበልግ ወራት እርጥቡ ነፋስ በብዛት ከሕንድ ውቅያኖስ ይነፍሳል፤ በክረምት ግን ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስና በኮንጎ ደን በኩል ይመጣል። ሰኔ አንደኛው እየለቀቀ ሁለተኛው ገና ሳይጠና የሚገኝበት ወር ስለ ሆነ፣ አንዱ ሳምንት ጎርፍ ሲያመጣ ተከታዩ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ሳምንት ዘንቧልና በሚመጣውም ይዘንባል ብሎ ማሰብ በዚህ ወር ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል።

ደግሞም ቦታው ራሱ አንድ ዐይነት አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች፤ የሁላው ሀገረ ሰላም ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወጡ ቍጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሁለት አገር ያህል ነው። የቀትር ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ የሸለቆውን ጥግ ተከትሎ ወደ ተራራው ይወጣል፤ በዚያም ቀዝቅዞ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። በሐዋሳ ጠብ ሳይል በወንዶ ገነት በላይ ሰማዩ ሲጠቍር የሚታየው ስለዚህ ነው። ከዚያ የወረደው ውሃ ግን በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቁ ይመጣል። የሐዋሳ ሐይቅ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ውሃ በትነትና በምድር ውስጥ በመስረግ ካልሆነ አይቀንስም። እንግዲህ በሜዳው ያለ ሹም የራሱን ወረዳ ትንበያ ብቻ አንብቦ ቢተኛ ጎርፉ ከጎረቤት ይመጣበታል፤ አስቀድሞ የደጋውን ትንበያ ያንብብ።

በ1973 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት የወቅት፣ የወርና የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል። ወረቀቱ በየወረዳው ይደርሳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ የተነበበም እንደ ሆነ አነባበቡ ይጣመማል። የወቅቱ ትንበያ ለአንድ አገር «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» ቢል፣ ይህ ለምሳሌ ያህል የተጻፈ ነው፣ ብዙ ዝናም እርግጥ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ትንበያ ከተነገረባቸው አምስት ዓመታት በአንዱ ዝናሙ ሊያጥር እንደሚችል ራሱ ወረቀቱ ይናገራል። ስለ ወቅቱ የተነገረውም ስለ ሳምንቱ አይናገርም። የሳምንቱ ትንበያ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በኋላ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ሰኞ የተነበበው ሐሙስ ተመልሶ መታየት አለበት።

የተሳሳተ ምክር ዋጋው ብዙ ነው። አንድ ሹም በመጀመሪያው ዶፍ ተደስቶ «ዝሩ» ብሎ ሕዝቡን ቢያስነሣ፣ ከዚያም ዐሥር ቀን ቢደርቅ፣ የበቀለው ይጠወልጋል፤ ገበሬውም የልጆቹን እህል ለሁለተኛ ዘር ያወጣል። ስለ ሐምሌው ቦሎቄና ጤፍ ሊቃውንት የሚይዙት ልክ ይህ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲዘንብና ተከታዩ ሳምንት ደረቅ እንደማይሆን ሲታመን መዝራት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነውና፣ 20 ሚሊ ሜትር በአንድ ሔክታር 200,000 ሊትር ይሆናል። ይህን በዐይን መገመት አይቻልም፤ የዝናም መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያውም ከዛፍና ከጣራ ርቆ ይቆማል፤ በየቀኑ ከጧቱ 3 ሰዓት ይነበባል፤ ምንም ባይዘንብ እንኳ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ያልተጻፈ ቀንና ያልዘነበበት ቀን አንድ አይደሉምና።

ለበቆሎው የሚጨመረው ዩሪያ እንዲሁ ሳምንቱን ያያል። በደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ ከቆየ በአየር ይተናል፤ ዶፍ ከወረደበትም ታጥቦ ይሄዳል። ቀላል ዝናም በሚጠበቅበት ሰሞን ከተክሉ ሥር አድርጎ አፈር ማልበስ ይሻላል። በደጋው ቅዝቃዜና ርጥበት ለብዙ ቀን ሲከታተል የድንቹን ቅጠል የሚያጠቍር በሽታ ይነሣል፤ መድኃኒቱ የሚረጨው ዝናሙ ከመምጣቱ በፊት፣ ቅጠሉ ደርቆ ሳለ ነው። እንሰቱ ግን አጭር ድርቅን ስለሚችል በዚህ ሰሞን ለሹሙ ብዙ ጭንቀት አይሆነውም።

ከእህል ይልቅ ሰው ይበልጣልና ስለ ናዳ እንናገር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ከብርቱ ዝናም በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በሩጫ የተሰበሰቡ ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ እላያቸው ወረደባቸው። የሲዳማ ደጋም ገደላማና ሰው የበዛበት ነው። ለብዙ ቀን ዘንቦ አፈሩ ከጠገበ በኋላ ትንበያው ሌላ ብርቱ ዝናም የሚል ከሆነ፣ በተራራው ላይ ስንጥቅ መታየቱን፣ ዛፍና አጥር ማዘንበሉን፣ የምንጭ ውሃ በድንገት መደፍረሱን ማስመርመር የወረዳው ሹም ሥራ ነው። ከነዚህ አንዱ የታየ እንደ ሆነ ሰዎቹን በዚያው ቀን፣ ሳይመሽ ያንሣ። ናዳ ከወረደም በኋላ የላይኛው ወገን እስኪመረመር ድረስ ሕዝቡ ከሥሩ እንዳይሰበሰብ ይከልክል፤ ይህን ማለት ለወገን ልብ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ይደረግ።

የድርቁም ወገን አይረሳ። በ2007 ዓ.ም. ኤል ኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ክረምቱን አሳጥሮ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በእንዲህ ያለው ዓመት አንዱ የደረቀ ሳምንት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሦስት ሳምንት መዝገብ ጎን ለጎን ሲታይ ግን ይናገራል። ስለዚህ መዝገቡ በየዐሥር ቀኑ ተደምሮ ወደ ዞንና ወደ ክልል እርሻ ቢሮ ይላክ። ትንበያውም በወረዳው ገበያ ቀን በሲዳምኛና በአማርኛ ይነገር፤ «ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ተብሎ ይነገር እንጂ «ይዘንባል» ተብሎ አይታወጅ፤ የተነገረውና የዘነበውም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ።