ከሻካራ ቃለ መጠይቅ በኋላ፦ ሥራውን መቀበል ወይስ መተው?

ሥራ ሲፈልግ የቆየ ሰው «አልፈሃል፤ ሰኞ ጀምር» የሚል ስልክ ሲደወልለት ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ይለዋል። ያ ሰው ግን በቃለ መጠይቁ ዕለት ተዋርዶ የወጣ ከሆነ ደስታው ከሥጋት ጋር ይደባለቃል። እንዲህ ያለው ምእመን ምክር ፍለጋ ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ሰበካ ጉባኤው አባላት ሲመጣ መልሳችን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ «ሥራ በጠፋበት ዘመን ምን ይመረጣል፤ ግባ» ወይም «ክብርህን ከነኩ ተወው»። ሁለቱም ፈጥነው የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ሁለቱም የጠያቂውን ኑሮ አልመረመሩም። በዚህ ትምህርት ጉዳዩን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ለትምህርታችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሂሳብ አያያዝ የተመረቀች አንዲት ወጣት በአንድ የግል ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተቀጠረች፤ የገባችው 6 ሰዓት ሲሆን ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ እርሷ ስትመልስ በስልክ ያወራ ነበር፤ የተማረችበትን ዩኒቨርሲቲም አቃለለ። ሌላው መቼ ለማግባት እንደምታስብ ጠየቃት። ደመወዙ በቃል ብቻ ተነገራት። ከሁለት ቀን በኋላ ተደውሎ ዋስና ዋናውን የትምህርት ማስረጃዋን ይዛ እንድትመጣ ታዘዘች። የእናቷን የቤት ኪራይ የምትከፍለው እርሷ ናት።

፩. ቅሬታውን መለየት

ከሁሉ አስቀድሞ ያስከፋው ነገር ምን እንደሆነ ይለይ። ከባድ ጥያቄ ስድብ አይደለም፤ የሂሳብ ባለሙያን የተሳሳተ መዝገብ ሰጥቶ «አርሚ» ማለት ተገቢ ፈተና ነው። ሦስት ሰዓት ማስጠበቅ የአሠራር ዝርክርክነት ሊሆን ይችላል፤ ያስመርራል እንጂ ብቻውን አያስፈርድም። የአንድ ጠያቂ ንቀት ክብደቱ የሚታወቀው ያ ሰው የዕለት አለቃዋ የሚሆን መሆኑ ሲጣራ ነው። ስለ ጋብቻ መጠየቅና ዋናውን ማስረጃ ማስያዝ ግን የድርጅቱ ልማድ ከሆኑ ከአንድ ሰው ጠባይ የሚከፉ ናቸው። ሰው ይቀየራል፤ ልማድ ግን ከመግቢያው በር እስከ መውጫው ይከተላል።

፪. ከመመለስ በፊት መጠየቅ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በስልክ ወዲያው «እሺ» ማለት አያስፈልግም። ሁለት ወይም ሦስት ቀን በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። በእነዚያ ቀናት የሚከተሉት ይጣሩ፦

• የቅርብ አለቃዋ ማን ነው? ከመጀመሯ በፊት ልታነጋግረው ትችላለች?
• ከእርሷ በፊት በቦታው የነበረው ሠራተኛ ለምን ለቀቀ?
• ደመወዙ ከግብርና ሠራተኛው ከሚከፍለው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ በፊት ነው ወይስ በኋላ?
• የቅጥር ደብዳቤው ሥራ ከመጀመሯ በፊት ይሰጣታል?

የመልሱ ይዘት ብቻ ሳይሆን አመላለሱም ይታይ። በጨዋ ጥያቄ የሚቆጣ አሠሪ ነገ በደመወዝ ጥያቄም ይቆጣል።

፫. የሕጉ ጥበቃ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሚመለከታቸው ሥራዎች ላይ ልናውቃቸው የሚገቡ ድንጋጌዎች አሉ። የቅጥር ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በፆታ ምክንያት በቅጥር አድልዎ ማድረግና ወሲባዊ ትንኮሳ የተከለከሉ ናቸው።

ለውሳኔው ይበልጥ የሚጠቅመው የሙከራ ጊዜው ድንጋጌ ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ይህም በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ዐሥር ሳምንት ገደማ ነው። ብዙዎች አሠሪው ሠራተኛውን የሚፈትንበት ጊዜ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ሠራተኛውም ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠበቅበታል። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው ሥራውን ተቀብሎ አሠሪውን የሚመዝንበት ጊዜ በሕግ አለው።

ዋስን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ዋስ የሚሆነው የአጥቢያው ሰው ስለሆነ ነገሩ እኛንም ይነካል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። መጠኑ ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ ማንም እንዳይፈርም እንምከር።

፬. ቤቱን ማስላት

ለአንዲት ወላጆቿ ለሚደግፏት ልጅ የሚሰጥ ምክር የእናቷን ኪራይ ለምትከፍል አይሠራም። በእጅ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያቆያል? የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ሲቀነስ ከደመወዙ ምን ይተርፋል? ሌላ መልስ የሚጠበቅበት ማመልከቻ አለ? እነዚህ በወረቀት ይጻፉ። የምሳሌያችን ወጣት ደብዳቤው ከተሰጣት፣ አለቃዋ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ከዋናው ማስረጃ ይልቅም የተረጋገጠ ኮፒ ከተቀበሏት፣ ሥራውን ጀምራ በስድስተኛው ሳምንት እንደገና ለመመዘን ቀን ብትቆርጥ መልካም ነው እንላለን። ሌላ ሥራ መፈለጓንም አታቋርጥ።

ችግር ቢጸናም «እምቢ» መባል ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ለቅጥሩ ጉቦ ወይም ወሲባዊ ጥቅም መጠየቅ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ማስፈረም፣ ማናቸውንም ነገር በጽሑፍ አልሰጥም ማለት። በእነዚህ ምክንያት ሥራውን የተወ ሰው በቤተሰቡ «ሰነፍ» እንዳይባል ቤተሰቡን ማነጋገር የእኛ ድርሻ ነው፤ ኪራዩ እስኪገኝም አጥቢያው የሚችለውን ያግዝ።

፭. እኛ ጠያቂዎች ስንሆን

አጥቢያዎቻችንም ሂሳብ ሠራተኛ፣ መምህርና ጥበቃ ይቀጥራሉ። ተጠያቂውን በቀጠርነው ሰዓት እናስገባ፤ ስልካችንን እንዝጋ፤ ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ እናቅርብ፤ ደመወዙን በጽሑፍ እናሳውቅ። ላላለፉትም ውጤቱን እንንገር፤ በየዕለቱ ስልክ የሚጠብቅ ሰው ቁርጡን ማወቅ ይገባዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ሥራ ፈላጊዎች ምክር የሚያገኙት ከማን ነው?
2. ባለፈው ዓመት በአደረግነው ቅጥር ያላለፉት ሰዎች መልስ አግኝተዋል?
3. ስለ ቅጥር ውልና ስለ ዋስትና የሚያስረዳ የሕግ ባለሙያ ከምእመናን መካከል አለን? ካለ፣ በወር አንድ ቀን እንዲያማክር ማን ይጠይቀው?