«ባቱ» ብሎ የፈለገ ኢንዶኔዥያ ይደርሳል፤ የጎግል ገበያና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነጋዴ
ከአዲስ አበባ ለስብሰባ ወደ አዳማ የሚወርድ እንግዳ ቀድሞ አልጋ የሚይዘው በሚያውቀው ሰው በኩል ነበር፤ ሰው ከሌለውም መናኸሪያ ሲደርስ ደላላ ይቀበለዋል። ዛሬ ይኸው እንግዳ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ስልኩን አውጥቶ «አዳማ ሆቴል» ብሎ ይጽፋል። ስልኩ መጀመሪያ የሚያሳየው ሦስት ወይም አራት ስም ነው። ወደ ታች ወርዶ የቀሩትን የሚያይ ጥቂት በመሆኑ፣ ከተማው ውስጥ ያለው ሌላ ሆቴል ሁሉ ለዚህ እንግዳ የሌለ ያህል ይቆጠራል።

ማን ከላይ፣ ማን ከታች ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ጎግል ነው። ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋሙት ይህ ድርጅት በዓለም ላይ ከሚካሄደው የኢንተርኔት ፍለጋ 90 በመቶ ገደማውን ይዟል። ፈላጊው አንድም ሳንቲም አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሻጩ ነው። የጎግል ባለቤት የሆነው አልፋቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ካስገባው 350 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ሦስት አራተኛው ከማስታወቂያ የመጣ ነበር። በእኛ አገር የገበያ ቋንቋ ጎግል ደላላ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የአዳማው ደላላ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ሥራው ሲያልቅ መሆኑ ነው። ጎግል ግን ገዢው በሩን ገፍቶ ስላየ ብቻ፣ ገዛም አልገዛም፣ ሒሳቡን ይቆርጣል።

ይህ ደላላ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ሊገባ የቻለው በጥራቱ ብቻ አይደለም። በአገራችን የሚሸጡት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ስልኮች የሚሠሩበት አንድሮይድ የጎግል ንብረት ሲሆን መፈለጊያውም አብሮ ተጭኖ ይመጣል። ጎግል በስልኮችና በማሰሻዎች ላይ ተቀዳሚ መፈለጊያ ሆኖ ለመቀመጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተገልጿል። ዳኛ አሚት ሜህታም በነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ድርጅቱ ገበያውን በሕገ ወጥ መንገድ በብቸኝነት ይዟል ሲሉ ወስነዋል። በቀጣዩ ዓመት በመስከረም በሰጡት የማስተካከያ ውሳኔ ብቸኛ የሚያደርጉ ውሎችን ከለከሉ እንጂ ድርጅቱን አልከፋፈሉትም። ስለዚህ ለአዳማ ነጋዴ በቅርቡ የሚለወጥ ነገር አይታይም።

ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከሁሉ በፊት የሚያስቸግረው ታዲያ ክፍያው ሳይሆን ስሙ ነው። በዚህ መስመር ላይ የሚገኙ ትልልቅ ከተሞች ሁለት ሁለት ስም አላቸው። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ነው፣ አዳማ ናዝሬት፣ ባቱ ደግሞ ዝዋይ። ናዝሬት የሚለው ስም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተማዋ የኦሮሚያ ዋና ከተማ ስትሆን አዳማ የሚለው ነባር ስሟ በይፋ ተመልሷል። በ2005 የክልሉ መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ ቢዛወርም ስሙ ጸንቷል። የሚኒባሱ ረዳት ግን ዛሬም «ናዝሬት! ናዝሬት!» ሲል ይሰማል። መንገደኛ ሁለቱም አንድ መሆናቸውን ያውቃል። መፈለጊያው ግን ሁለቱን ስሞች ሁልጊዜ ላያገናኛቸው ይችላል፤ ድረ ገጹ ላይ አንዱ ስም ብቻ የሰፈረበት ድርጅት በሌላው ስም የሚፈልገውን ደንበኛ ሊያጣ ይችላል።

ፈላጊው ውጭ አገር ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በላቲን ፊደል «ናዝሬት» ብሎ ከሚጽፈው ውስጥ አጻጻፉን ትንሽ የሳተ እስራኤል ውስጥ ወደምትገኘው የወንጌሉ ከተማ ይወሰዳል። «አዳማ» ያለው ከከተማይቱ ጋር፣ መነሻው እስራኤል የሆነ የፀረ ተባይ መድኃኒት አምራች ኩባንያ ይመጣበታል። «ባቱ» ያለው ደግሞ በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ጃቫ ውስጥ በዚሁ ስም የምትጠራ የመዝናኛ ከተማ ትጠብቀዋለች፤ እሷም ሆቴል በሽ በሽ ነው። ባቱ ከተማ ላይ ለአውሮፓ ቱሪስት ማረፊያ ያዘጋጀ ባለሀብት «ባቱ ሆቴል» ለሚል ቃል ማስታወቂያ ቢገዛ፣ ክልሉን ካልወሰነ በቀር ገንዘቡን ጃቫ ለመዝናናት በተነሳ ሰው ጠቅታ ሊጨርሰው ይችላል። «ዝዋይ» የሚለው ስም በዚህ በኩል ይሻላል፤ በዓለም ላይ ብዙ ተጋሪ የለውም፣ ሐይቁና የጽጌረዳ እርሻውም አስተዋውቀውታል።

በራሳችን ፊደልም ቢሆን ችግር አለ። የዝዋይን ዓሣ የሚጠብስ ምግብ ቤት «ዓሣ» ብሎ ይጽፋል እንበል፤ ደንበኛው ግን «አሳ»፣ «ዓሳ» ወይም «አሣ» ብሎ ይፈልግ ይሆናል። ፀጉር ቤትና ጸጉር ቤት፣ ሥጋ ቤትና ስጋ ቤትም እንደዚሁ ናቸው። በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ አዳማ ራሱ አናባቢው ተደጋግሞ ሌላ ቃል ይመስላል። የጎግል መተርጎሚያ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን አፋን ኦሮሞና ትግርኛ እስከ 2022 ድረስ ቆይተዋል። እንግሊዝኛ ለዓመታት የቀደመበት መሣሪያ የእኛን አጻጻፍ ሁሉ አጣጥሞ እስኪያውቅ የሚጠብቅ ነጋዴ ገበያውን ለሌላ ይለቃል። ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው ሁለቱን የከተማ ስሞች፣ የተለመዱትን የአማርኛ አጻጻፎችና የቁቤውን ስም በጽሑፉ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ ቢያስገባ የሚያወጣው ወጪ የለም። መጠንቀቅ የሚገባው በጎግል ካርታ ላይ ባለው የድርጅቱ ስም ነው። እዚያ ላይ በሰሌዳው ከተጻፈው ስም ውጪ የከተማ ስሞችን መደርደር በጎግል ደንብ የተከለከለ ነው፤ መዝገቡንም ሊያሳግድ ይችላል። ሁለተኛው ስም የሚገባው በመግለጫው ውስጥ ነው።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ከእያንዳንዱ ፍለጋ በስተጀርባ በሰከንድ ሽርፍራፊ የሚያልቅ ጨረታ አለ። እንደ መንግሥት ጨረታ ግን ከፍተኛውን ዋጋ ያስገባ ሁሉ አያሸንፍም። ጎግል የተጫራቹን ዋጋ ለማስታወቂያው ከሚሰጠው የጥራት ነጥብ ጋር ያባዛዋል። ለምሳሌ ያህል ሆቴል ሀ ለአንድ ጠቅታ 20 ብር፣ ሆቴል ለ ደግሞ 12 ብር አቀረቡ እንበል። የሀ የጥራት ነጥብ 3፣ የለ 8 ቢሆን፣ ሀ 60 ሲያገኝ ለ 96 አግኝቶ ያሸንፋል። የሚከፍለውም 12 ብር ሳይሆን 60ን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ነው፤ 60 ለ8 ሲካፈል 7 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ ጥቂት። ዛሬ ሰዓቱ፣ ቦታውና ሌሎች ነገሮች ስለሚጨመሩበት ስሌቱ ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆንም ሐሳቡ ይኸው ነው። ጥራት የሚባለው ማስታወቂያው ከተፈለገው ነገር ጋር መገጣጠሙና የሚከፈተው ገጽ ለደንበኛው መጥቀሙ ነው። በከባድ ፎቶግራፍ ተሞልቶ በደካማ መስመር ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅ ድረ ገጽ ባለቤቱን በየጠቅታው ያስቀጣዋል።

ይህ ያዋጣል ወይ? በዚሁ ምሳሌ 100 ጠቅታ 750 ብር ይሆናል። ከመቶው ሁለቱ አልጋ ቢይዙ የአንዱ እንግዳ ማስታወቂያ 375 ብር ነው። ክፍሉ በሌሊት 2000 ብር የሚከራይ ከሆነና እንግዳው በኢንተርኔት አልጋ አስያዥ ድርጅት በኩል ቢመጣ፣ በ15 በመቶ ኮሚሽን 300 ብር ይወጣ ነበር። ለአንድ ሌሊት እንግዳ ኮሚሽኑ ይረክሳል። ሁለት ሌሊት ለሚያድር ግን ኮሚሽኑ 600 ሲደርስ ማስታወቂያው በ375 ይቆማል። እንግዲህ ለሦስት ቀን ስብሰባ የሚመጣ ደንበኛ ያለው የአዳማ ሆቴልና ለምሳ ብቻ የሚቆም መንገደኛ ያለው የሞጆ ምግብ ቤት አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም። የሞጆው ቢቀርበት ይሻለዋል።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ አለ። የማስታወቂያው ሒሳብ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ በመሆኑ፣ የብር ሒሳብ ብቻ ያለው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ካርድ ባለው ወኪል በኩል ይከፍላል፤ ወኪሉም የራሱን ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ዋጋው ያልተነካ ጠቅታ በብር እጥፍ ለመሆን ተቃረበ ማለት ነው። የአልጋ ኪራይ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም።

ስለዚህ አነስተኛ በጀት ያለው ሰው ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ነፃ ለሆነው ለካርታው ነው። በጎግል ካርታ ላይ ድርጅትን ማንም ሰው ሊመዘግብ፣ እርማትም ሊጠቁም ይችላል። ባለቤቱ ባላወቀው መዝገብ ላይ የተሳሳተ ሰዓት፣ ወይም «ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ወራት ሊቆይ ይችላል። በ09 የሚጀምር ስልኩን ትቶ በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር የያዘ ነጋዴ ሰሌዳውን ሲያስቀባ ካርታውን ከረሳ፣ ደንበኛው የሚደውለው ለሞተ ስልክ ነው። ባለቤትነትን ማረጋገጥ ቀድሞ አስቸጋሪ ነበር፤ ጎግል የምሥጢር ቁጥሩን በፖስታ ካርድ ወደ ድርጅቱ በር ይልክ ነበርና፣ ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ለሚደርስበት አገር ይህ አይሠራም። አሁን በብዙ ቦታ መንገዱን፣ ሰሌዳውንና የውስጥ ሥራውን በቪዲዮ ቀርጾ መላክ ይበቃል። «ፖስታ ቤቱን አልፎ» ወይም «ፍራንኮ አካባቢ» እየተባለ አድራሻ በሚነገርባት አዳማ አንድ ትክክለኛ የካርታ ነጥብ ብዙ የስልክ ንግግር ይተካል።

የጎግል ሥልጣን የማይደርስበት ገበያም እንዳለ መታወቅ አለበት። የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ዛሬ ስንት እንደዋለ መፈለጊያው ላይ ቢጠየቅ የረባ መልስ አይገኝም። ዋጋው ያለው በደላላው ስልክና በቴሌግራም ላይ ነው፤ የቤትና የመኪና ደላሎችም ዕቃቸውን የሚዘረጉት እዚያው ነው። ይኸኛው መንገድ የራሱ አደጋ አለው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ገደማ በታገዱ ጊዜ ጎግል መፈለጊያና ካርታው ሳይነኩ ቆይተዋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ኢንተርኔት በጠቅላላ ሲቋረጥ ግን ሁሉም አብረው ጠፉ። በዚያን ጊዜ ለመቂው አይሱዙ ጭነት ያገኘለት በተራ ስልክ የሚደውለው ደላላ ነበር።