የአዲስ አበባ ስታዲየምና የእኛ ሜዳ

ዛሬ በስፖርት ዓምዳችን ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም ታሪክና አሠራር አቀርብላችኋለሁ። መጨረሻ ላይ ስለ እኛ ሜዳ አንድ ሐሳብ ስላለኝ እስከ ታች አንብቡልኝ።

ስታዲየሙ የሚገኘው መሀል ከተማ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ነው። በንጉሡ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር። በ1954 ዓ.ም. 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው እዚህ ነው። በፍጻሜው ኢትዮጵያና ግብፅ በ90 ደቂቃ 2 ለ 2 ወጡ። በጭማሪው ሰዓት የእኛ ልጆች ሁለት ጎል አግብተው 4 ለ 2 አሸነፉ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ኢትዮጵያ ዋንጫውን የበላችው ያኔ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሀሉ የኳስ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን የመሮጫ መም ይከበዋል፤ ከመሙ ውጪ የተመልካች ደረጃ አለ። ከደረጃው ሥር ደግሞ ፊታቸውን ወደ መንገድ ያዞሩ ሱቆች አሉ። አጎቴ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሲሠራ እየገባ ያይ ነበር። «ጣራ ያለው ጥላ ፎቅ ይባላል። እኛማ ካታንጋ ነን፤ ፀሐይ ሲመታን ውሎ ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮሃለን» አለኝ። ከማን አንሼና ሚስማር ተራ የሚባሉም አሉ።

መሙ ለምን አራት ማዕዘን አልሆነም? የመም አንድ ዙር 400 ሜትር ነው፤ 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር ማለት ነው። ቅርጹ ሁለት ቀጥታና ሁለት ግማሽ ክብ ነው። ባለፈው ዓመት በክፍሎች ውድድር ሜዳችንን በአራት ድንጋይ ምልክት አድርገን ስንሮጥ እኔ ሁለተኛ ነበርኩ። ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ስታጠፍ ወደቅሁና ጉልበቴ ተላጠ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ በጣም አፍሬ ነበር። ለካ በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ማዕዘን ላይ ወይ ይቀዘቅዛል ወይ ይወድቃል!

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው። የ200 ሜትር መም እንሥራ። ሁለት ችካል በ40 ሜትር ርቀት እንተክላለን። 19 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገመድ በየችካሉ አስረን ግማሽ ግማሽ ክብ እናዞራለን። ሁለቱ ግማሾች አንድ ሙሉ ክብ ስለሚሆኑ 2 × 3.14 × 19.1 = 120 ሜትር ገደማ ይመጣል። ሁለቱ ቀጥታዎች 80 ሜትር ናቸው። ድምሩ 200 ሜትር! ቦታው 79 በ39 ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከጓደኞቼ ጋር ሜዳችንን በገመድ ስንለካው 92 በ51 ሆነ። መስመሩን በአመድ እናሰምራለን፤ አመድ ደግሞ የሌለበት ቤት የለም።

የስፖርት መምህራችን ፈቃድዎ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ እንጀምር።

ጥያቄ፦ በእኛ መም 5 ሺህ ሜትር ስንት ዙር ነው? መልሱን በሰልፍ ሰዓት ንገሩኝ።

ቸር ይግጠመን!
አቅራቢ፦ ከ7ኛ ክፍል