በረዶ ላይ የማይከዳ ጎማ አመራረጥ

ዴንቨርና አውሮራ ለሚኖር አሽከርካሪ የበረዶ ነገር ከሚኒሶታ ወይም ከቶሮንቶ ይለያል። እዚህ በረዶው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ይጥላል፤ ከባዱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ሰው ብርዱ አለፈ ብሎ በተዘናጋበት በማርች ነው። በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ታቀልጠዋለች፤ ሌሊት ደግሞ የቀለጠው ተመልሶ ይጋገራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መንገደኛ ጭኖ በፔኛ ቡልቫርድ ወደ ኤርፖርት የሚነዳ ወገናችን በአንድ ጉዞ ደረቅ አስፋልት፣ ውሃ፣ ለስላሳ በረዶና ግግር በረዶ ሊረግጥ ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ አየር በዓመት ሁለቴ ጎማ ከማቀያየር ይልቅ ክረምት ከበጋ የማይወልቅ አንድ ጥሩ ጎማ ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ በረዶ ላይ እኩል አለመሆኑ ነው። መጠናቸውም ዋጋቸውም የተቀራረበ ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን ተደርድረው አንዱ ዳገት ይወጣል፣ ሌላው ባለበት ይሽከረከራል። ልዩነታቸውን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጎማው ላይ ተጽፏል፤ ጥርሱም ይናገራል።

የሚነዱበትን መንገድ ይለዩ

ከተማ ውስጥ፣ በአይ-25 እና በአይ-225 ላይ የሚነዱ ከሆነ፣ ወደ ተራራውም የሚወጡት አልፎ አልፎ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። በየሳምንቱ የአይዘንሃወርን ዋሻ እያቋረጡ የበረዶ መንሸራተቻ ከተሞች ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ግን በዓመት ሙሉ ጎማ አይሞክሩት፤ እንደ ብሊዛክ ያለ እውነተኛ የበረዶ ጎማ ይግዙ። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ግግር በረዶ የወራት እንግዳ ስለሆነ የትኛውም የዓመት ሙሉ ጎማ የበረዶ ጎማን አይተካም።

ቁጥሩን ከበሩ ላይ ይውሰዱ

የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ከበሩ ጎን የተለጠፈ ወረቀት አለ። የጎማው መጠንና የሚሞላው ንፋስ እዚያ ላይ ተጽፏል። አሁን ያለውን ጎማ ብቻ አይተው አይግዙ፤ መኪናው ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የተሳሳተ መጠን አስገጥሞ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ብዙ ኮሮላዎች 205/55 አር 16 ይላሉ። ከዚያ የሚከተለው 91 የሚሸከመው ክብደት ነው፤ ለአንድ ጎማ 615 ኪሎ ማለት ነው። ኤች የሚለው ፊደል ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚችል መሆኑን ያሳያል። በተለይ ሰውና ሻንጣ የሚጭኑ ከሆነ ከተጻፈው የክብደት ቁጥር በታች አይውረዱ።

መኪናው ከአንድ በላይ የቸርኬ መጠን የሚፈቅድ ከሆነ ትንሹን እመርጣለሁ። ሰፊና ስስ ጎማ ያለው ትልቅ ቸርኬ ዓይን ይስባል እንጂ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባም ቶሎ ይጎዳል።

የተራራውን ምልክት ይፈልጉ

ከጎማው ጎን ዝቅ ይበሉና የስልክዎን መብራት አግድም ያብሩበት። ጽሑፉ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ፊት ለፊት ሲያበሩበት አይነበብም። የሚፈልጉት ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ አንዲት የበረዶ ቅንጣት የተሳለችበት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ምልክት ነው።

ኦል ሲዝን ተብለው ከሚሸጡት በአብዛኞቹ ላይ የሚገኘው ግን ይህ ሳይሆን ኤም እና ኤስ የሚሉት ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ፊደላቱን አምራቹ ራሱ የሚያትማቸው የጥርሱን ቅርጽና በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት መሠረት አድርጎ ነው። ጎማው በረዶ ላይ ተነድቶ መፈተን አይጠበቅበትም። የተራራው ምልክት ግን በፈተና የሚገኝ ነው። የአሜሪካና የካናዳ የጎማ አምራቾች በ1999 ያወጡት ሲሆን፣ ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ቆንጥጦ የመሳብ አቅሙ ከመለኪያው ጎማ ቢያንስ በ10 በመቶ መብለጥ አለበት። ጀርመን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በበረዷማ መንገድ ላይ የምትቀበለው ይህ ምልክት ያለበትን ጎማ ብቻ ነው፤ ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ዘመድ ያለው ያውቀዋል።

ምልክቱ ያለባቸው የዓመት ሙሉ ጎማዎች በሱቅ ውስጥ ኦል ዌዘር ይባላሉ። ሚሽሊን ክሮስክላይሜት 2፣ ብሪጅስቶን ዌዘርፒክ፣ ጉድይር አሹራንስ ዌዘርሬዲ፣ ቶዮ ሴልሲየስ ከዚህ ወገን ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በእርስዎ መጠን የሚገኘውንና አቅምዎ የሚፈቅደውን ያወዳድሩ። ምልክቱ ከሌለው ግን ሻጩ ምንም ቢያሞግሰው ይለፉት።

ሆኖም ምልክቱ የሚናገረውን ያህል ብቻ ይመኑት። በአሜሪካ ፈተናው የሚለካው መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ያለውን የመሳብ አቅም ነው። ፍሬን ሲይዙ በስንት ሜትር እንደሚቆም፣ ሲታጠፉ ይይዝ እንደሆነ፣ ግግር በረዶ ላይ ምን እንደሚሆን አይነግርም። ለዚህ ነው ቀጥሎ ያለው ሥራ የሚያስፈልገው።

ጥርሱን በእጅ ይዳስሱ

ጎማ በረዶ ላይ የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሰፋፊ ቦዮቹ በረዶውን ሰብስበው ይጠቀጥቁታል፤ በረዶ ደግሞ ከላስቲክ ይልቅ በረዶን አጥብቆ ይይዛል። ሁለተኛው በየጥርሱ ላይ በምላጭ የተበጡ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ጥርሱ መሬት ሲነካ ይከፈቱና በጠርዛቸው ይነክሳሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ይፈልጉ፦ ወደ ጎን የሚከፈቱ ሰፊ ቦዮች፣ ብዛት ያላቸው ብጣቶች።

አሁን ጥፍርዎን ወይም ቀጭን ካርድ ብጣቱ ውስጥ ያስገቡ። ብጣቱ እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ይወርዳል ወይስ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል? ግማሽ ላይ የሚቆም ከሆነ ጎማው አዲስ ሳለ ግሩም ይሆንና ጥቂት ሲበላ ብጣቶቹ ይጠፋሉ። ሲበላም መንከስ የማያቆመው ብጣቱ ጠልቆ የወረደለት ነው። ይህን ማስታወቂያ አይነግርዎትም፤ አሥር ሴኮንድ የሚፈጅ ዳሰሳ ግን ይነግርዎታል።

የላስቲኩም ነገር አለ። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ከፍሪጅ እንደወጣ ቅቤ ይጠነክራል። ኦል ዌዘር በብርድም ልስላሴው እንዲቆይ ተደርጎ የተቀመመ ነው። በአንጻሩ በጁላይ ትኩስ አስፋልት ላይ ትንሽ ቶሎ ሊበላ፣ ነዳጅም በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል። እኔ ይህን ዋጋ ያለማመንታት እከፍላለሁ።

ጎማው ጎን ላይ ትራክሽን ኤ ወይም ኤኤ የሚል ካዩ አይሳሳቱ። እሱ የሚለካው በእርጥብ አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ነው፤ ከበረዶ ጋር ግንኙነት የለውም።

ጥልቀቱን ያስሉ

ከሁሉም በላይ ማስመር የምፈልገው ይህን ነው። በአሜሪካ የጥርስ ጥልቀት የሚለካው በኢንች 32ኛ ክፍልፋይ ነው። አዲስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 10/32 ወይም 11/32 ይዞ ይመጣል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕግ ጎማው አለቀ የሚባለው 2/32 ሲደርስ ነው። በረዶ ላይ ግን ከ6/32 በታች የወረደ ጎማ ጥቅሙ እየከሳ ይሄዳል፤ ቦዩ በረዶ የሚሰበስብበት ቦታ ያጣል። ከ10 እስከ 2 ስምንት እርከን ነው፤ ከ10 እስከ 6 አራት። ለበረዶ ገንዘብ የሚከፍሉት እንግዲህ ለላይኛው ግማሽ ብቻ ነው።

ታክሲ ወይም ኡበር እየሠራ በዓመት 30,000 ማይል የሚነዳ ሰው ያስቡ። የ60,000 ማይል ዋስትና ያለው ጎማ ገዛ እንበል። ጎማው በእኩል ፍጥነት ቢበላ የበረዶ ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ ነው። ኤፕሪል ላይ የገዛው እንደሆነ ኖቬምበር ሲገባ ከዚያ ላይኛው ግማሽ ከ50 በመቶ በላይ የሚሆነውን በደረቅ አስፋልት ጨርሶታል። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ቢገዛው ግን ጥልቁ ጥርስ ለብርዱ ወራት ይውላል፤ የሳሳው ለሙቀቱ ይቀራል። ያው ጎማ፣ ያው ዋጋ፤ የሚለየው የተገዛበት ወር ነው።

በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን ያገለገለ ጎማም በዚሁ ዓይን ይመልከቱት። 6/32 የቀረው ርካሽ ጎማ ለበጋ ያገለግል ይሆናል፤ ለበረዶ የሚጠቅመውን ግማሽ ግን ሌላ ሰው ጨርሶት ነው የሚሸጡልዎት።

መለኪያው በጥቂት ዶላር ይገዛል። ከሌለ ሳንቲም ይበቃል። ጀርባው ላይ የሊንከን መታሰቢያ ሕንፃ ያለበትን፣ ከ2009 በፊት የተሠራ አንድ ሳንቲም ሕንፃውን ዘቅዝቀው ቦዩ ውስጥ ያስገቡ። የሕንፃው አናት በጥርሱ ከተሸፈነ ከ6/32 በላይ አለዎት። በኳርተር ከለኩ ደግሞ የዋሽንግተን ጭንቅላት ጫፍ ሲነካ 4/32 ነው፤ ያ ለበረዶ አይሆንም። ውስጡንም፣ መሃሉንም፣ ውጪውንም ይለኩ፤ አንዱ ጎን በልጦ ከተበላ አላይመንቱ ተዛብቷል።

6/32 ማለት 3/16 ኢንች ነው። ቁጥሩ በኮሎራዶ ሕግም ውስጥ አለ። ከ2019 ጀምሮ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ላይ በሞሪሰንና በዶትሴሮ መካከል የሚያልፍ የቤት መኪና ቢያንስ ይህን ጥልቀት እንዲይዝ ይጠበቃል። ኦል ዊል ድራይቭ ካልሆነ ጎማው ከበረዶ ምልክቶቹ አንዱ ያለበት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሰንሰለት ወይም ተመሳሳዩን ይዞ መሄድ ግድ ነው። ይህን ሳያሟላ መንገድ የዘጋ ሰው ከ500 ዶላር በላይ ይቀጣል።

የተመረተበትን ሳምንት ያንብቡ

ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ባለው መስመር መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 3525 ከሆነ በ2025 35ኛ ሳምንት፣ ማለትም ኦገስት መጨረሻ ላይ ተመርቷል። ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ ሊታተም ስለሚችል ካጡት ሌላውን ጎን ይዩ። አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ግን መጋዘን ውስጥ ሦስትና አራት ዓመት የከረመ ጎማ ካመጡልዎት ሌላ ይጠይቁ።

አራቱንም ይቀይሩ

ኦል ዊል ድራይቭ ነው ብሎ በጎማ የሚቆጥብ ብዙ ሰው አለ። ኦል ዊል ድራይቭ መኪናውን ያስነሣል፤ አያቆመውም። ፍሬን ሲረግጡ ሁሉም መኪና የሚተማመነው በአራት ጎማ ነው። እንዲያውም በቀላሉ ስለሚነሣ ሰው መንገዱ ደህና ነው ብሎ ይፈጥናል።

ለአራት የሚሆን ገንዘብ ከሌለና ሁለት ብቻ መቀየር ግድ ከሆነ አዲሶቹን ኋላ ያስገጥሙ፤ የሚነዳው የፊቱ እግር ቢሆንም እንኳ። ፊት ያለው ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እግርዎን ከነዳጁ ቢያነሡ ሊመለስ ይችላል። ኋላ ያለው ሲከዳ ግን መኪናው ይዞራል፤ ያን ለማዳን ልምድ ያለው ሾፌርም ይቸገራል።

ጎማ ቤት ሲደርሱ

ዋጋ ሲጠይቁ ባላንሱ፣ ቫልቩ፣ የአሮጌው ማስወገጃና ታክሱ ተጨምሮበት ከበር ስወጣ ስንት ነው ብለው ይጠይቁ። ከኦል ዌዘሮቹ አንዳንዶቹ ጥርሳቸው የቪ ቅርጽ ስላለው የሚዞሩበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ጎናቸው ላይ አለ። ሲገጠም ቀስቱ ወደፊት ማመልከቱን ከመክፈልዎ በፊት ዞረው ይዩ።

ከገጠሙ በኋላ

ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ንፋሱ 1 ፒ ኤስ አይ ያህል ይቀንሳል። በዴንቨር በአንድ ቀን 40 ዲግሪ መውረድ ብርቅ ስላልሆነ፣ ትናንት ልክ የነበረው ጎማ ዛሬ ጠዋት 4 ያህል ጎድሎ ያድራል። መኪናው ሳይነዳና ጎማው ሳይሞቅ በሩ ላይ የተጻፈውን ያህል ይሙሉ፤ በረዶ ላይ ይይዛል ብለው አያጉድሉ። በየ5,000 ወይም 6,000 ማይሉ የፊቱንና የኋላውን ያቀያይሩ።

የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ባዶ የመኪና ማቆሚያ ይፈልጉ። በ15 ማይል እየነዱ ፍሬኑን በደንብ ይርገጡና መኪናው የሚቆምበትን ርቀት ይዩ፤ በ25 ማይልም ይድገሙት። ከፊትዎ ካለው መኪና ምን ያህል መራቅ እንዳለብዎት የሚያውቁት በዚያ ነው። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ቢንቀጠቀጥ ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ መኪናው እስኪቆም ድረስ እግርዎን አያንሱ።