ልብ የተያዘበት ውል፤ ስለ አንድ የወጣቶች ልብ ወለድ አጭር ጥናት

በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች መካከል አንድ የቆየ ክርክር አለ። ይኸውም አስማትና ድግምት የሚገኝበት ልብ ወለድ የልጆች መደሰቻ ነው እንጂ የጥናት ጉዳይ ሊሆን አይችልም የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ወንድሞችና እኅቶች ያለ ምክንያት አይናገሩም። ደራሲው ችግር በገጠመው ቁጥር አስማት እያመጣ የሚገላገል ከሆነ አንባቢው የሚያስብበት ነገር አይቀረውም፤ ምሥጢርን መርምሮ የማግኘት ደስታም ይጠፋል። ማናቸውም ነገር ሊሆን በሚችልበት አገር ፍንጭ መከተል ምን ይጠቅማል? እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእነርሱ ወገን ነበርሁ። አሳቤን ያስለወጠኝ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዳያና ዊን ጆንስ ጽፋው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የታተመው «የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ» የተባለው መጽሐፍ ነው።

ደራሲዋ በ1934 በለንደን ተወልዳ በ2011 ያረፈች ስትሆን፣ በኦክስፎርድ ተማሪ በነበረችበት ጊዜ ሲ. ኤስ. ሉዊስና ቶልኪን ሲያስተምሩ ሰምታለች። መጽሐፉን እንድትጽፍ ያነሣሣት አንድ ትምህርት ቤት ለጉብኝት በሄደች ጊዜ ያገኘችው ልጅ ነው፤ ስለ ተንቀሳቃሽ ግንብ ጻፊልኝ አላት። ስሙን በወረቀት ጽፋ ብታስቀምጥም ወረቀቱ ጠፋባት።

ታሪኩ የሚፈጸመው ኢንጋሪ በተባለች አገር ነው። በዚያ አገር ተረት የሚያወራው ሁሉ እውነት ነው፤ በአንድ እርምጃ ረዥም መንገድ የሚያስኬድ ጫማ አለ። ከሦስት ልጆች መካከል በኵር ሆኖ መወለድም መጥፎ ዕድል ነው፤ ዕድሉን ሊፈልግ ሲወጣ አስቀድሞ የሚወድቀው በኵሩ ነውና። (ከመካከላችን የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ሳይሥቅ አይቀርም።) ሶፊ የባርኔጣ ነጋዴ የበኵር ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ታናናሾቿ ሙያ እንዲማሩ ወደ ሌላ ቦታ ተላኩ፤ እርሷ ግን ከሱቁ ቀረች። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ባርኔጣ እያስጌጠች ከባርኔጣዎቹ ጋር ታወራለች። አንድ ቀን የምድረ በዳዋ ጠንቋይ መጥታ አሮጊት አደረገቻት፤ የደረሰባትንም ለማንም እንዳትናገር አንደበቷን አሰረችው።

ሶፊ ከቤቷ ወጥታ የቆነጃጅትን ልብ ይበላል እየተባለ በሚታማው በወጣቱ አስማተኛ በሃውል ግንብ ውስጥ ቤት ጠራጊ ሆና ገባች። ግንቡን የሚያንቀሳቅሰው በምድጃው ውስጥ የሚኖር ካልሲፈር የተባለ የእሳት ጋኔን ነው። ይህ ጋኔን እርሱንና ሃውልን ያስተሳሰረውን ውል ብታፈርስለት፣ እርሱም የእርሷን ድግምት ሊፈታላት ተስማማ። ነገር ግን የውሉን ዋና አንቀጽ መናገር አይፈቀድለትም፤ ፍንጭ መስጠት ብቻ ነው የሚችለው። ነገሩ እንደ ልጅነታችን እንቆቅልሽ ነው። ልዩነቱ ሶፊ አገር ሰጥታ መገላገል አለመቻሏ ነው።

ከዚህ በኋላ ምሥጢሩን ስለምገልጥ፣ መጽሐፉን ገና ያላነበበ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

የእንቆቅልሹ ፍች ሃውል ልቡን ለካልሲፈር የሰጠው መሆኑ ነው። ልብ በላ እየተባለ የሚፈራው ሰው የገዛ ራሱ ልብ የለውም። ደራሲዋ ይህን አልደበቀችውም፤ ሰዎች በተቈጡት ቁጥር ልብ የለህም ይሉታል፤ አንባቢው ግን ስድብ ነው ብሎ ያልፈዋል። (በአማርኛ ልብ የለውም ስንል ማስተዋል ይጎድለዋል ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ርኅራኄ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው በዚህ ላይ ብዙ ይቸገራል።)

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ የተወርዋሪው ኮከብ ነገር ነው። ሶፊና የሃውል ተማሪ ማይክል፣ ያንን ረዥም መንገድ የሚያስኬድ ጫማ ተጫምተው፣ ኮከብ ሊይዙ በሌሊት ወደ ረግረግ ሄዱ። ማይክል አንዱን አሳድዶ ሊደርስበት ሲል ኮከቡ ፈርቶ መሞት የተገባው መሆኑን ነገረውና ከውኃው ገብቶ ጠፋ። አንባቢው ጥቂት አዝኖ ገጹን ይገልጣል። መልሱ ሁሉ ግን ያለው እዚያ ላይ ነው። ካልሲፈርም እንዲህ ይወድቅ የነበረ ኮከብ ነው፤ ሃውል አዘነለት፤ በሕይወት እንዲኖርም ልቡን ሰጠው። ልብ የለሽ የተባለው ሰው ልቡን ያጣው ስለ ራራ ነው።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ልዩ ቀልድ አለ። የግንቡ በር ወደ ልዩ ልዩ አገር ይከፈታል፤ አንደኛው ወደ ዌልስ ነው፤ ሃውልም የተወለደው እዚያ ነው። የእኅቱ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራ ከማይክል የአስማት መልመጃ ጋር ይቀያየራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ጆን ደን (1572–1631) ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን የዘረዘረበት ግጥም ነው። ማይክልና ሶፊ ግጥም መሆኑን ስለማያውቁ እያንዳንዱን መስመር እንደ ትእዛዝ ሊፈጽሙት ይደክማሉ። ወደ ረግረጉም የሄዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ጠንቋይዋ እርግማኗን ያሰረችው በዚያው ግጥም ላይ ስለ ሆነ፣ የማይቻለው ሁሉ አንድ በአንድ ይፈጸማል። በግጥሙ ውስጥ የ10,000 ቀን ነገር አለ፤ ይህም ሲሰላ 27 ዓመት ከ4 ወር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ሃውልም ዕድሜው ያን ያህል የሚሞላበትን ቀን ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ቀን የተቆረጠለት አስማት ደራሲውን የሚገላግል አይደለም፤ ይልቁንም እጁን ያስረዋል። ለጓደኞቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

የፍቅሩም ነገር ከምሥጢሩ ተለይቶ የሚቆም አይደለም። ሶፊ ወጣት ሳለች ዓይን አፋር ነበረች፤ አሮጊት ከሆነች በኋላ ግን ያሰበችውን ትናገራለች። ሃውል መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሰዓታት ሲያጠፋ፣ ጠጕሩ ቀለሙ ስለ ተበላሸ ሲያለቅስ ትገሥጸዋለች። አንዳቸው ለሌላው የሽንገላ ቃል አይናገሩም። ወደ መጨረሻው ላይ እንደምንረዳው፣ ሃውል ድግምት እንዳለባት አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ በስውርም ሊፈታላት ሞክሮ ስላልሆነለት ራሷ የወደደችው መስሎት ነበር። ሶፊ ለዕቃ ስትናገር ቃሏ ይፈጸማል፤ ባርኔጣዋን ባለጠጋ ታገቢያለሽ ካለችው የገዛችው ሴት ታገባለች። እንደዚሁም ስለ ራሷ ምንም አይሳካልኝም እያለች ስትናገር ኖራለች። ስለዚህ ድግምቱን ያጸናው የጠንቋይዋ ኀይል ብቻ አይመስለኝም።

ጉድለቱን ብንመለከት፣ መደምደሚያው በጣም የተጣደፈ ነው። የጠፉት ልዑል ጀስቲንና አስማተኛው ሱሊማን፣ የራስ ቅሉ፣ ማስፈራሪያው፣ ውሻ የሚሆነውም ሰው፣ ሁሉም በጥቂት ገጽ ውስጥ ይፈታሉ። ማን ማን እንደ ሆነ ለመለየት እኔ ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ሆኖብኛል። በ2004 ጃፓናዊው ሚያዛኪ በሠራው ፊልም ግን ዌልስም ግጥሙም የሉም፤ በምትካቸው ጦርነቱ ጎልቷል። ፊልሙ ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ሊፈታው የሚችለው እንቆቅልሽ አብዛኛው ቀርቷል። ስለዚህ ፊልሙን አይቻለሁና መጽሐፉ አያስፈልገኝም የሚሉ ጓደኞች ካሉ፣ በረግረጉ ዳር የሆነውን ምዕራፍ ብቻ እንኳ እንዲያነቡት እለምናለሁ።