ሕፃናትን በቤት ሰዋስው ስለ ማስተማር

ሰዋስው የሚለው ቃል በግእዝ መሰላል ማለት ነው። ሊቃውንት አባቶቻችን የንግግርን ሥርዓት የሚያስተምረውን ዕውቀት በዚህ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሰላል እግሩ በምድር ቆሞ ራሱ ወደ ላይ የሚደርስ፣ ሰውንም ከእርከን ወደ እርከን የሚያወጣ ነውና። መሰላልን ከመካከሉ ጀምሮ የሚወጣ ሰው የለም። እንደዚሁም ሕፃን ልጁን ሰዋስው ሊያስተምር የሚወድ ወላጅ ልጁ ዛሬ ከቆመበት መሬት መጀመር ይገባዋል። ያም መሬት የቤቱ ንግግር ነው።

ብዙ ሰው ግን ይህ ሥራ የመምህር እንጂ የወላጅ አይደለም ይላል። በእውነት መምህር የሚያስተምረውን ሁሉ ወላጅ ሊተካው አይችልም። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምርመራ ከመቶው የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታውቋል። ከዚያም በኋላ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና በሽታ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ልጆች ዳግመኛ ከትምህርት ገበታቸው ተለዩ። በእነዚያ ወራት ለሕፃኑ የቀረው ትምህርት ቤት የገዛ ቤቱ፣ የቀረውም መምህር እናቱና አባቱ ነበሩ። እንግዲህ ቤት ለዚህ አገልግሎት የተዘጋጀ ሊሆን ይገባዋል።

«እኔ ሰዋስው ሳላውቅ እንዴት አስተምራለሁ?» የሚል ወላጅ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ሰዋስውን ማወቅና የሰዋስውን ክፍሎች በስም መጥራት ሁለት ነገሮች ናቸው። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ «ልጄ መጣች» እንጂ «ልጄ መጣሽ» አትልም፤ ሥርዓቱ በአንደበቷ አለና። የአራት ዓመት ልጅዋም ከእርስዋ ሰምቶ ይህንኑ ይዞታል። ስለዚህ የወላጅ ሥራ የሌለውን ማምጣት ሳይሆን በልጁ አፍ ያለውን ለልጁ ጆሮ ማሰማት ነው።

ይህንም በምሳሌ እንመልከት። በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ የሚያድግ ልጅ የመጀመሪያውን ትምህርት ከሰፈሩ ስም ሊያገኘው ይችላል። ወላጁ «የቧንቧ ውሃ ስንል ስለ ቧንቧው ነው ወይስ ስለ ውሃው የምንናገረው?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ «ስለ ውሃው» ይላል። «የውሃ ቧንቧ ስንልስ?» ብሎ ቢያስከትል «እርሱማ ቧንቧው ነው፤ አይጠጣም» ብሎ ይሥቃል። በዚህ ሣቅ ውስጥ አንድ ታላቅ ሥርዓት ተማረ፤ ይኸውም በአማርኛ ገላጩ ቃል ይቀድማል፣ ዋናው ስም ይከተላል ማለት ነው። ልጁ ጥቂት ከፍ ሲል ደግሞ ዘወትር የሚሰማውን «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ቃል ያቅርብለት። በአማርኛ የክርስቲያን ቤት እንላለን፤ ግእዝ ግን ቤቱን አስቀድሞ ባለቤቱን ያስከትላል። ቤተ መጻሕፍትም ቤተ መንግሥትም እንደዚሁ ናቸው። ልጁም ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቤት እየኖሩ በየራሳቸው መንገድ እንደሚሄዱ ያስተውላል።

እንዲሁም ቤተ ሰብ ለገበያ ወይም ለዘመድ ጥየቃ መንገድ ሲሄድ «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣን» እያሰኙ «ከ» የመነሻ፣ «ወደ» የመድረሻ ምልክት መሆናቸውን ማሳየት ይቻላል። እግሩ ያወቀውን ዳገትና ቍልቍለት ጆሮው በቃል ያውቀዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን ስለ አድራጊው ነው። ማታ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ልጁ ሲኒ ጥሎ ቢሰብር፣ እናቱም ድምፁን ሰምታ ብትዞር፣ ፈጥኖ የሚወጣው ቃል «ሲኒው ተሰበረ» የሚል ነው። ንግግሩ ሐሰት አይደለም፤ ሲኒው በእርግጥ ተሰብሯል። ነገር ግን «ተ» የምትባለው አንዲት ፊደል ሰባሪውን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥታ ሰውራዋለች። እናቲቱ በቍጣ ፈንታ በእርጋታ «ማን ሰበረው?» ብትል ልጁ «እኔ ሰበርሁት» ይላል። በዚህ ቃል ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ «ሰበር» ድርጊቱን፣ «ሁ» አድራጊውን እኔን፣ «ት» የተሰበረውን ሲኒ ያመለክታሉ። ሰዋስውና እውነት በአንድ ቃል ተገናኙ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወላጅ ሆይ፣ እጅግ ተጠንቀቅ። ልጁ «ሰበርሁት» ባለ ጊዜ በጥፊ ብትመታው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተ» የምትባለውን ፊደል መሸሸጊያ ያደርጋታል። ሲያድግም «ገንዘቡ ጠፋ፣ ሥራው ተበላሸ፣ ቃሉ ታጠፈ» የሚል ሰው ይሆናል፤ ያጠፋውን፣ ያበላሸውን፣ ያጠፈውን ሰው ግን ከእርሱ አፍ አትሰማም። አባታችን አዳም በገነት በተጠየቀ ጊዜ ጥፋቱን ወደ ሔዋን አዞረ፤ ሔዋንም ወደ እባብ አዞረች። ዳዊት ግን ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ በደሉን በሌላ ላይ ሳይጥል በራሱ አንደበት ተናዘዘ። ልጅ ሲማር ለመታረም ይታረም እንጂ እውነትን ስለ ተናገረ አይመታ።

ይህንም የተማረ ልጅ ወደ ጸሎት ሲመጣ በሩ ተከፍቶ ያገኘዋል። «አበስኩ ገበርኩ» ሲባል ሲሰማ «ኩ» የምትለው ፊደል በቤቱ «ሰበርኩ» ካለው ቃል ጋር አንድ መሆንዋን ያውቃል። «አበስኩ» በደልሁ ማለት እንደ ሆነ ሲነገረው ሌላ ሰው ስለ እርሱ የሚናገር ሳይሆን ራሱ ስለ ራሱ የሚናገር መሆኑን ይረዳል። ቃሉን በልማድ ብቻ ከሚደግም ሰው ይልቅ ይህ ሕፃን ቀርቧል።

ነገር ግን «ተ» ሁልጊዜ መሸሸጊያ ናት ብለን እንዳናስተምር ይሁን። ጌታችን ተወለደ፣ ተጠመቀ፣ ተሰቀለ እንላለን። በዚህ ስፍራ ፊደሊቱ ስለ እኛ የተቀበለውን ታሳያለች። ልጅ «ሰቀለ» እና «ተሰቀለ» ያላቸውን ልዩነት ሲያስተውል የስቅለትን ነገር በመጠኑ መረዳት ይጀምራል።

ሦስተኛው ትምህርት መጥበቅና መላላት ነው። ጽሕፈታችን ይህን በፊደል ስለማይለይ ጆሮ ሊለየው ይገባል። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ እስካሁን ማለት ነው፤ «ገና ገና አልደረሰም» ቢሉት ልጅ ደስ ብሎት ይደጋግመዋል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። በንባብ ቤትና በቅኔ ቤት ያለፉ ካህናት ይህ ጨዋታ ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃሉ፤ ከስምንቱ አርእስተ ግስ «ቀተለ» ሲላላ «ቀደሰ» ይጠብቃልና። ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትም የንባብ ሥርዓቶች አስቀድሞ በድምፅ ይለመዳሉ፤ ምክንያታቸው ኋላ በሰዋስው ይገለጣል። በዋድላና በዋሸራ የታወቁት የቅኔ ቤቶች ያፈሯቸው ሊቃውንት ሁሉ በሕፃንነታቸው መምህሩን እየሰሙ በቃል ከመድገም ነው የተነሡት።

አራተኛው የአክብሮት ሥርዓት ነው። «አባ መጡ» እንጂ «አባ መጣ» እንደማይባል ልጅ በቤት ይማራል። አንዱን ሰው በብዙ ቍጥር መጥራት ክብርን እንደሚያመለክት ይነገረው። ያን ጊዜ ልጁ «ለካህኑ እርስዎ እያልን ለእግዚአብሔር ስለ ምን አንተ እንላለን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የድፍረት አይደለምና አይቈጡት፤ እግዚአብሔር አንድ ስለ ሆነ፣ ልጅም አባቱን እንደሚጠራ እንድንጠራው ስለ ፈቀደልን ነው ብለው ይመልሱለት።

የክፍሎች ስም ግን መች ይምጣ? ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስና የቀሩት ሁሉ ልጁ ነገሩን ካወቀ በኋላ ይምጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ ከዕረፍታቸው በኋላ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ፣ ዶክተር ባየ ይማምም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው ለመምህራንና ለአዋቂዎች ታላቅ ሀብት ናቸው። በስድስት ዓመት ሕፃን ፊት ቢዘረጉ ግን ለሚጠባ ልጅ ጥሬ ሥጋ እንደ ማቅረብ ነው። ወላጅ ራሱ ያንብባቸው፤ ያነበበውንም በቡና ሰዓት፣ በማዕድ ጊዜ፣ በመንገድ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ያካፍል። ለቀኑ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ልጁ ሳይሰለች ማቆም ነገ ራሱ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ አለን። «ሰበርሁ» የሚል ልጅ አለ፣ «ሰበርኩ» የሚል ልጅ አለ፤ ሁለቱም ከእናታቸው የሰሙትን ይናገራሉ። በአያቱ አነጋገር የተሣቀበት ልጅ ዝምታን እንጂ ሰዋስውን አይማርም። የጽሕፈቱን ሥርዓት ስናስተምረው የቤቱን ቃል ሳንንቅበት ይሁን። ስሕተት ቢናገርም «ተሳሳትህ» ከማለት ይልቅ የቀናውን ቃል በመልሳችን ውስጥ አድርገን እንመልስለት፤ እርሱ ራሱ ሰምቶ ያቀናዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ መሰላሉ በየቤታችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዛሬ ማታ ልጃችሁ አንድ ነገር ሰብሮ ቢገኝ «ማን ሰበረው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ «እኔ» ብሎ እስኪመልስም በትዕግሥት ጠብቁት። የመጀመሪያውን እርከን በዚያ ይረግጣል።