ወዳጅን ከጠላት መለየት፦ የጎመን ክሽክሽና አዳኞቹ

ባለፈው በጋ እዚህ ጎፋ በተቋማችን ጓሮ የተከልነውን የሐበሻ ጎመን ክሽክሽ ወረረው። ቅጠሉ ተጨማደደ፤ ከሥሩ ሲገለጥ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ደንግጠን መልቀም ጀመርን። በለቀማው መካከል ትንንሽ እንሽላሊት የሚመስሉ፣ ጥቁር ሆነው ብርቱካናማ ነጥብ ያለባቸው ነፍሳት አገኘን። «ዋናዎቹ አጥፊዎች እነዚህ ናቸው!» ብለን አንድ በአንድ ጨፈለቅናቸው። ከዚያም ጸረ ተባይ ረጨን። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ክሽክሹ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ። ለወጥ ቤት የታሰበውንም ጎመን፣ መድኃኒት የነካው ስለሆነ፣ ነቅለን ቀበርነው። ነገሩ ሁሉ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነ።

ስሕተታችን የት ላይ ነበር? የጨፈለቅናቸው ነፍሳት የጥንዚዛ እጮች ነበሩ፤ ይኸውም በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ሕፃናት እጃቸው ላይ የሚያስኬዷት የዚያችው ትንሽ ጥንዚዛ ልጆች ናቸው። እናቲቱን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ልጆቿን ግን አናውቅም። እናትም ልጅም ምግባቸው ክሽክሽ ነው፤ አንዷ ጥንዚዛ በቀን በደርዘን የሚቆጠር ትበላለች።

ክሽክሽ ቶሎ የሚመለስበት ምክንያት አለው። ሴቷ ያለ ወንድ ሕያው ልጆች ትወልዳለች፤ እነርሱም አየሩ ከሞቀ በአንድ ሳምንት ገደማ ለመውለድ ይደርሳሉ። አዳኞቹ ግን እንቁላል ጥለው፣ እጩ አድጎ እስኪለወጥ ድረስ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ስለሆነም መድኃኒቱ ሁለቱንም ወገን ሲገድል ቀድሞ የሚያንሰራራው ተባዩ ነው።

ከጥንዚዛ ሌላ ወዳጆች አሉን። ከክሽክሹ መካከል አብጦ፣ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ካያችሁ አትጣሉት፤ በውስጡ ጥቃቅን ተርብ እያደገች ነው። ሸረሪት፣ እስስት፣ እንቁራሪትና ነፍሳት የሚለቅሙ ወፎችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ነገሩ የጓሮ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1889 ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደች ጥንዚዛ የብርቱካን እርሻዎችን ከጥፋት አድናለች። በአገራችንም በ2009 ዓ.ም. መጤው የአሜሪካ ተምች በቆሎን ሲወር፣ ተመራማሪዎች የተምቹን እጭ የምትገድል ተርብ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አግኝተዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ከመግደል በፊት ቅጠሉን ገልብጠን እንይ። ማን ማንን እንደሚበላ ሳናውቅ እጃችንን አናንሣ።

ሁለተኛ፦ በመደቡ ዳር ድንብላልና እንስላል እንትከል፤ ጥቂቱን ሳንቆርጥ እስኪያብብ እንተወው። ጥቃቅን ተርቦች የአበባውን ማር ይቀስማሉ።

ሦስተኛ፦ ክሽክሽ የበዛበትን ቅጠል ቆርጠን እንቅበር፤ ሌላውን በውኃ እንጠብ።

አራተኛ፦ ጥቂት ክሽክሽ ቢቀር አንደንግጥ። ምግብ ያጣ አዳኝ ጓሮውን ጥሎ ይሄዳል።

ይህ ዘዴ ሁሉን ይፈታል አንልም። ተባዩ ገና ሲጀምር ካልታየና ችግኙ ትንሽ ከሆነ አዳኞቹ ብቻቸውን ላይደርሱለት ይችላሉ። ስለዚህ ዘዴው በየሁለት ቀኑ ጓሮ መውረድን ይጠይቃል፤ ትዕግሥትም ይፈልጋል።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በየትምህርት ቤቱ ተበትነን ጓሮ የምናስተምር ነን። አንድ መምህር «ይህ ተባይ ነው፣ ግደሉት» ብሎ ቢሳሳት ሃምሳ ተማሪ ያንኑ ስሕተት ይዞ ወደየቤቱ ይገባል። በእኛ ጓሮ የጠፋው አንድ መደብ ጎመን ነው፤ በዚያ ግን የሃምሳ ቤት ጓሮ ይሆናል።

የተግባር ጥያቄ፦ በዚህ ሳምንት አንድ የጎመን ቅጠል ገልብጣችሁ ለአሥር ደቂቃ ተመልከቱ። ያያችሁትን ነፍሳት ሣሉና ሥዕሉን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉት። የትኛው ወዳጅ፣ የትኛው ጠላት እንደሆነ አብረን እንለያለን።